ስውሩ ሙቀት

በአዲስ አበባ በመካኒሳ ሰፈር ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ንግግሬን የምጀምረው ውሃ በመጣድ ነው። ይህች ትንሽ ብረት ድስት ሩብ ሊትር የቧንቧ ውሃ ይዛለች፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ነው። ስቶቩ ቀድሞ ግሏል። አንቺ ልጄ፣ ከፊት የተቀመጥሽው፣ ሰዓትሽን ይዘሽ ሁለት ነገር ታሳውቂናለሽ፦ ውሃው መንተክተክ የሚጀምርበትን ደቂቃና ድስቷ ጠብታ ሳይቀራት የምትደርቅበትን ደቂቃ። በመካከሉ እኔ ብዙ አወራለሁ፤ አንቺ ግን ዓይንሽን ከድስቷ አትንቀዪ። ይኸው ጣድኩ፤ ቁጠሪ።

ሙከራው የእኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1762 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ፣ ጆሴፍ ብላክ የሚባል ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር ያደረገው ነው። በጠፍጣፋ የቆርቆሮ ዕቃ ውሃ አድርጎ በጋለ ብረት ላይ ጣደው። በ4 ደቂቃ ፈላ። ብላክ ግን አላወረደውም፤ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ሌላ 20 ደቂቃ ፈጀ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ጥቂት ሙቀት ቢጨመርለት ሁሉም እንፋሎት ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ብላክ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ። በነዚያ 20 ደቂቃዎች እሳቱ ሥራውን አላቆመም፤ ቴርሞሜትሩ ደግሞ ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሙቀት የት ገባ?

ያ ሙቀት የገባው እንፋሎቱ ውስጥ ነው። ቴርሞሜትር አያየውም፤ ግን አልጠፋም። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የተበደረውን ሳያጎድል ይመልሳል። ብላክ «ስውር ሙቀት» አለው።

በረዶም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ በረዶ ዘንቦ ሲያባራ፣ ፀሐይ ወጥታ እንኳ በአጥር ጥግ የተከመረው ነጭ ክምር እስከ ማታ የሚቆየው ለዚህ ነው። ለመቅለጥ የሚያስፈልገውን ስውር ሙቀት ከአየሩ እየተበደረ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ያ ብድር ባይኖር ኖሮ ክምሩ በአንድ ጊዜ ውሃ ሆኖ ይፈስ ነበር፤ ብላክም የስኮትላንድን በረዶ እያየ ያሰበው ይህንኑ ነው።

ብላክ ግኝቱን በመጽሐፍ አላወጣውም። በየዓመቱ ለተማሪዎቹ በቃል ያስተምረው ነበር፤ ትምህርቱ የታተመው እርሱ ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1803 ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በገባበት እ.ኤ.አ. በ1770 ብላክ ወደ ኤድንብራ ተዛውሮ ይህንኑ ያስተምር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የምትመጣው በዚያው ዓመት በጎንደር እንጀራ ስትጋግር የነበረችው ሴት ናት። ሊጡን አዙራ አፍስሳ፣ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትከድናለች። ብላክ የለካውን ነገር እርሷ በእጇ ታውቀዋለች። ስለ አክንባሎው…

(እዚህ ላይ ተማሪዋ «ፈላ! ሦስት ደቂቃ» አለች።)

ሦስት ደቂቃ። መልካም፤ መጠበቅሽን ቀጥዪ። እስቲ ቴርሞሜትሩን እንንከረው። 92 አልፎ 93 ሳይደርስ ቆመ። ልጆች ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብላችሁ ተምራችኋል፤ ያ ለጅቡቲ ወደብ እውነት ነው፤ ለመካኒሳ አይደለም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ከላያችን የሚጫነን አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አፈትልኮ ይወጣል። ሽምብራና ባቄላ እኛ ዘንድ ብዙ ማገዶ የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ከ93 ዲግሪ በላይ አይግልም። እሳቱን ብታበረቱትም ትነቱን ታፋጥናላችሁ እንጂ ባቄላውን ቶሎ አታበስሉትም። ስለዚህ ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፤ ክደኑት። ይህ ብቻ ከወር ወጪያችሁ የሚታይ ነገር ያተርፋል።

በአገራችን በውሃ መፍያ ሙቀት የተራራ ከፍታ የለካ ሰው ነበረ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ውሃ እያፈላ የቴርሞሜትሩን ንባብ ይመዘግብ ነበር። በየ300 ሜትሩ የመፍላት ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ የምትንተከተክ ድስት የከፍታ መለኪያ ትሆናለች። ዛሬ እኛም በዚህች ድስት መካኒሳን ለካናት ማለት ነው።

አሁን ወደ አክንባሎው ልመለስ፤ ለዚህ ነበርና የመጣሁት።

እንጀራ አይገለበጥም። ቂጣ ይገለበጣል፤ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ይደረግለታል፤ እንጀራ ግን የሚጣደው በአንድ ገጹ ነው፤ ሆኖም በሁለቱም ገጽ ይበስላል። እንዴት? ሊጡ የጋለውን ምጣድ ሲነካ ከሥር ያለው ውሃ ይተናል። እንፋሎቱና ከእርሾው የመጣው ጋዝ ሊጡን እየበሳሱ ሲወጡ የምናውቀው ዓይን ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ አክንባሎው ይከደናል። መውጫ ያጣው እንፋሎት ገና ባልበሰለው የላይ ገጽ ላይ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሆንም ስውር ሙቀቱን እዚያው ያራግፈዋል። ከላይ እሳት የለም፤ ያበሰለው የተመለሰው ብድር ነው። እናቶቻችን ልጅ እንፋሎት እንዳይመታው ከምጣዱ ሲያርቁ የሚያውቁት ነገር አለ፦ የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ ይብሳል። ቆዳ ላይ ውሃ ሲሆን የሚያራግፈው ሙቀት ነው የሚያከፋው።

አረቄ የሚያወጡ ሴቶችም ይህንኑ ያውቃሉ። ተኑ በመቃ አልፎ ወደ ቀዝቃዛው ዕቃ ሲገባ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይሞቃል፤ ደጋግመው ይለውጡታል። ዕቃውን ያሞቀው ስውር ሙቀት ነው። እንስራችን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በሸክላው ቀዳዳ የሚያልበው ውሃ ሲተን ከውስጥ ያለውን ሙቀት ተበድሮ ይሄዳል። ማቀዝቀዣችሁም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ፈሳሹ በውስጥ በኩል ይተናል፣ ከኋላ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ጀርባውን ብትነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ኪሎ ዕቃ አሥር ሳንቲ ሜትር ለማንሳት አንድ ጁል ያህል ጉልበት ይበቃል፤ ሺሁ ጁል ኪሎ ጁል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል እንበል፤ ማለትም በየሰከንዱ 3.5 ኪሎ ጁል። አንድ እንጀራ ከመፍሰስ እስከ መነሳት 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 630 ኪሎ ጁል ሆነ። ግማሽ ኪሎ ሊጥ እስኪፈላ ለማሞቅ 140 ያህል ይበቃል። ከሊጡ 100 ግራም ውሃ ተነነ ብንል 230 ያህል በስውር ሙቀት ይሄዳል። ድምሩ 370 ነው። የቀረው 260 ከምጣዱ ሥርና ጎን ወደ ወጥ ቤቱ አየር የፈሰሰ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ምጣዱ መጀመሪያ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢቆይ 3,150 ኪሎ ጁል ይፈጃል፤ አንድ እንጀራ ሳይፈስ የአምስት እንጀራ ጉልበት አለቀ ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ልነቅፍ አይደለም። እናቴ እዚሁ ሰፈር በማገዶ ጋግራ ነው ያሳደገችን፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታችን የገባ ቀን ዓይኗ ከጭስ ማረፉን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ነገር ግን ስውር ሙቀቱን ማንም ሊቀንሰው አይችልም፤ ተፈጥሮ የጣለችው ግብር ነው። ልንቀንሰው የምንችለው ያንን 260ና የማጋያውን ሩብ ሰዓት ነው። ከምጣዱ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ነገር በደንብ ይነጠፍ፤ ሸክላው ሳይሰነጠቅ ይሳሳ፤ ሦስት ጎረቤት በአንድ ምጣድ ተራ ይዞ ይጋግር። ፊዚክስ ለሚማሩት ወጣቶቻችን የማቀርበው ልመና አለኝ፦ የመመረቂያ ሥራችሁን ምጣድ ላይ ሥሩ። ከዚህ የሚበልጥ የቤት ሥራ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

አመሻሽ ላይ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ የሚደበዝዘውንም ታውቃላችሁ። ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከኤሌክትሪኩ ፍሰት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍሰቱ ካሬ ያድጋል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ፍሰቱም አብሮ ስለሚወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ይቀንሳል። «ዛሬ እንጀራው ዓይን አላወጣም» ሲባል ሊጡ ብቻ አይወቀስ።

ያ የአንድ እንጀራ 630 ኪሎ ጁል ከየት መጣ? በአብዛኛው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ውሃው ወደ 130 ሜትር ይወርዳል። አንድ ሊትር ውሃ ያን ያህል ወርዶ የሚሰጠው 1.3 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነው። ተርባይኑ ከአሥር ዘጠኙን እጅ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ ለአንድ እንጀራ 550 ሊትር ውሃ ያንን ቁልቁል መውረድ አለበት። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን 22 ሙሉ ማለት ነው። ጀሪካን ተሸክማችሁ የምታውቁ ይህን ቁጥር በትከሻችሁ ታውቁታላችሁ።

ውሃውን ከፍ ያደረገውስ ማነው? ፀሐይ ናት፤ መሰላሏም ስውር ሙቀት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከባሕር ላይ ለማትነን ከ2,400 ኪሎ ጁል በላይ ትከፍላለች። እንፋሎቱ ወደ ደጋችን ወጥቶ ደመና ሲሆን ያንን ሙቀት ለሰማይ አየር ይመልሰዋል፤ የክረምት ደመናን እንደ ግንብ ወደ ላይ የሚያስረዝመው እርሱ ነው። ለእኛ ግድብ የሚተርፈን የከፍታው ጉልበት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ካወጣችው ከ1,900 እጅ አንዱ። ከዚያች ኢምንት ተርፎ ነው አገር የሚበራው።

ከድልድያችን ሥር የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝም ኤሌክትሪክ የማመንጨቱን ሥራ ከሕዳሴው በፊት ሠርቷል። ዛሬ ጠረኑ ያስመርረናል፤ ዳርቻው ላይ ጎመንና ቆስጣ ይበቅልበታል። ወደ ደቡብ ወርዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ የጀመረው ማመንጫ በአገራችን ከቀደሙት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከርሞ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ዞሯል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ይዞ ያገኘው ነገር፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መቀስቀሱ፣ መቶ ዓመት ቆይቶ የመካኒሳን ወንዝ ውሃ መብራት አደረገው።

አሁን ደግሞ ወደ ምዕራብ እንሻገር፤ ወደ ረጲ፣ ቆሼ ወደሚባለው የከተማችን ቆሻሻ መጣያ።

ስለዚያ ቦታ ስናገር በመጀመሪያ የማስበው ሰዎቹን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ያን ቀን ጎረቤት የቀበራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

እዚያው አጠገብ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ እስከ 25 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ወደ ብላክና ወደ ጓደኛው እንመለስ። ጄምስ ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ጥቂት እንፋሎት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከራሱ ክብደት ስድስት እጥፍ የሚሆነውን ውሃ ሲያፈላ አይቶ ተገረመ፤ ምክንያቱን ብላክ አስረዳው። ዋት እ.ኤ.አ. በ1765 ያቀደው ለብቻው የተለየ የእንፋሎት ማቀዝቀዣ ክፍል የዓለምን ፋብሪካ ለወጠ። እስከ ዛሬ በከሰልም፣ በኒውክሌርም፣ በቆሻሻም የሚሠራ የእንፋሎት ማመንጫ ሁሉ ያ ክፍል አለው። እሳቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ይመታል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ስውር ሙቀቱ የሚፈሰው እዚህ ነው፤ ከእሳቱ ሙቀት አብዛኛው ሽቦ ውስጥ ሳይገባ ወደ አየር የሚሄደው ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 እንዳሳየው የመሐንዲስ ብልሃት ይህን ኪሳራ ያሳንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

የረጲ ከባዱ ፈተና ግን ከእሳቱ በፊት ነው። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ የሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ የጎመን ግንድ ነው፣ የቡና አተላ ነው፤ እርጥብ ነው። አንድ ኪሎ ቆሻሻ ግማሹ ውሃ ቢሆን ያን ውሃ አሙቆ ለማትነን ብቻ 1,300 ኪሎ ጁል ይሄዳል፤ የሁለት እንጀራ ጉልበት። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ይላሉ አባቶች። እሳቱ ውስጥ ግን አበሳውን የሚከፍለው ደረቁ ነው፤ መጀመሪያ እርጥቡን ያደርቃል፣ የተረፈው ነው ውሃ የሚያፈላው። በክረምት እርጥብ እንጨት ይዛችሁ እፍ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እርጥቡን ለብቻ፣ ደረቁን ለብቻ በሁለት ማዳበሪያ አድርጋችሁ ስታወጡ ለማመንጫው ነዳጅ እየጨመራችሁለት ነው። እርጥቡ ለጓሮ ፍግ ይሁን፤ ለጎመኑ እርሱ ይሻለዋል።

ወደ ብላክ ልመለስና፣ እርሱም አንድ ነገር ስቶ ነበር። በእርሱ ዘመን ሙቀት የማይታይ ፈሳሽ ይመስላቸው ነበር። እውነቱ የታወቀው በኋላ ነው፤ ውሃ ማለት እጅ ለእጅ የተያያዙ ሞለኪዩሎች ነው፣ ስውር ሙቀት ደግሞ እነዚያን እጆች ማላቀቂያ ዋጋ ነው። ሞለኪዩል መኖሩን የሚጠራጠሩ ታላላቅ ሰዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የአልበርት አይንስታይን ስሌት፣ ቀጥሎም የዣን ፔራን ልኬት ጥርጣሬውን ዘጉት። የብላክ አሳብ ወደቀ፤ ልኬቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ከዚህ ዕውቀት የተወለደ፣ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ አንድ ሥራ አለ። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እንጀራን በፀሐይ ለመጋገር ሞክረዋል። ችግሩ የታወቀ ነው፤ ፀሐይ ቀን ናት፣ ሰው የሚጋግረው ሲመቸው ነው። መፍትሔ ያደረጉት ጨው ነው፤ ናይትሬት የሚባሉ ሁለት ጨዎች ሲደባለቁ በ220 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ቀን ፀሐይዋ ታቀልጣቸዋለች፣ ስውር ሙቀት ይጠጣሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ መርጋት ይጀምራሉ፤ ሲረጉም ሙቀታቸው ሳይወርድ ያንን ብድር ለምጣዱ ይመልሳሉ። ምጣድ የሚፈልገው ሙቀት ደግሞ ከዚያው ጎራ ነው። ብላክ የበረዶን መቅለጥ አይቶ ያሰበው ነገር ትግራይ ውስጥ እንጀራ ሆኖ ወጣ። ይህ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ገጠር ወጥ ቤት ገብቶ ባየው ደስ ይለኛል፤ ዋጋውን ማርከስ፣ ጨውን የሚይዘውን ብረት እዚሁ መሥራት፣ ለአንዲት እናት የሚመች ቁመት መስጠት ይቀራል። ይህ የነገ ተማሪ ሥራ ነው።

ድስቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረች። ልጄ፣ አየሽው? ከሥሯ ላይ የቀረችው አንዲት ክብ ውሃ ብቻ ናት። ሁላችሁም ዝም በሉ፤ እንስማት።

(አዳራሹ ዝም አለ። ተማሪዋ «ደረቀ! ሃያ ስድስት ደቂቃ» አለች።)

ሃያ ስድስት፤ ለመፍላት የሄደውን ሦስቱን ቀንሱ፤ ሃያ ሦስት ደቂቃ። ብላክ 4 እና 20 አገኘ፣ እኛ 3 እና 23። የእርሱ ውሃ ከእኛ ቀዝቅዞ ነበር የጀመረው፣ መፍያውም ከእኛ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለመፍላት የእኛ መንገድ አጭር ነው። ቁጥሩን በደብተርሽ ጻፊው፤ ከጎኑ ቀኑንና «መካኒሳ» የሚለውን ጨምሪበት። አንድ ሰው ሶኬቱን ይንቀልልኝ፣ ድስቷ እንዳትቃጠል።